እጅ አይንቀሳቀስም

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ጠዋት ብርድ። ንፋስ መውጫ በግንቦትም ጋቢ ያስለብሳል። ትንሽ ዘግይቼ ደረስኩ፤ ሰልፉ ተሰልፏል። የእኔዎቹ አሥራ አንዱ እንደ ሁልጊዜው ከሁሉም ኋላ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ። መስማት የተሳናቸው ክፍል። "ለእነሱ ፊትም ኋላም አንድ ነው" ይላል ዩኒት ሊደሩ አቶ ይስማው። አንድ አይደለም። ከኋላ ሆነው የሚያዩት የሰው ማጅራት ብቻ ነው።

መዝሙሩ ተጀመረ። ባንዲራው ወደ ላይ ሲል ውብነሽ እጇን አነሣች። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስንኞች በምልክት ቋንቋ አሳይቻቸው ነበር። መዘመሯ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በዕድሜም ክፍሉን ትበልጣለች፣ ነገርም ከሁሉም ቀድማ ትይዛለች።

አቶ ይስማው መዝሙሩ እስኪያልቅ እንደ ችካል ቆሞ ጠበቀ። ሲያልቅ ሄዶ እጇን በአርጩሜ መታት።

ሰልፉ ሲበተን ያዝኩት። "በባንዲራ ፊት እጅ አይንቀሳቀስም። ሕግ ነው" አለኝ። የሌሎቹ አፍ ይንቀሳቀስ የለም ወይ አልኩት። አፍ ሌላ፣ እጅ ሌላ አለ። ለእሷ እጇ አፏ ነው አልኩ። ጮኼ ነበር መሰለኝ፤ የአራተኛ ክፍል ልጆች በመስኮት ብቅ ብቅ አሉ።

ልጆቹ ለእኔ ያወጡልኝ የምልክት ስም ግንባርን በሁለት ጣት መጨምደድ ነው። ኮስታራዋ ማለት ነው። ዛሬ አልተሳሳቱም።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ርዕሰ መምህሩ አቶ ምስጋናው ጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

ከይስማው ጋር እንዳልጣላ መከሩኝ። ከዚያ ወሬው ወደ ወላጆች ቀን ዞረ። ሰኔ 8 ነው፣ እሑድ። ከወረዳ እንግዳ ይመጣል። የእኔ ልጆች ምን ያቀርባሉ ብዬ ጠየቅኩ። እስክሪብቷቸውን አገላበጡ... "ዘንድሮ እቤታቸው ቢውሉ ምን ይመስልሻል? ፀሐይ ላይ ከሚንገላቱ።"

ፀሐይ! የእኔዎቹ ብቻ ቅቤ ናቸው እንዴ? ይህን በሆዴ ነው ያልኩት። በአፌ "አይቀሩም" ብቻ አልኩ። እስቲ እናያለን አሉ። በመሥሪያ ቤት እስቲ እናያለን ማለት አይሆንም ማለት ነው።

እኔስ እዚህ ክፍል እንዴት መጣሁ? በቅጣት። የዛሬ ሦስት ዓመት ስብሰባ ላይ ምላሴ ረዘመ ተብሎ። የአንድ ወር ሥልጠና፣ አንድ መጽሐፍ፣ ከዚያ ግቢና ዝም በይ። ዝም የሚባልበት ክፍል መስሏቸው! እንደዚያ ወሬ የሚደራበት ክፍል በዕድሜዬ አላየሁም።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

የውብነሽ አባት አቶ ተሻገር መጡ። አገራቸው ታች ጋይንት ነው፣ ከአርብ ገበያም ወዲያ። ልጅቷ እዚህ ዘመድ ቤት ተጠግታ ነው የምትማረው። ስንቋን አድርሰው ወደ እኔ ጎራ አሉ። ለእኔም የገብስ ቆሎ ቋጥረዋል። ተቀምጠው ነገሩን አወጡት።

ትምህርት ሲዘጋ ይወስዷታል። አይመልሷትም።

ለምን? አምና የወላጆች ቀን መጥተው ነበር። የሰው ልጅ ሲዘምር፣ ግጥም ሲያነብ፣ ሲሸለም ዋለ። የእሳቸው ልጅ ከድንኳኑ ኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ዶሮ ስታይ ዋለች።

"ዶሮማ እኔም ቤት አለ" አሉኝ። "ከእናቷ ነጥዬ፣ ሰው ቤት አስጠግቼ... ለመቀመጥ ከሆነ እቤቷ ትቀመጥ።"

ምን ልበላቸው? ታነባለች፣ በሒሳብ የሚደርስባት የለም አልኳቸው። በዓይኔ አላየሁም አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ማን አሳያቸው?

በመጨረሻ ተስማማን። ሰኔ 8 ይመጣሉ። እንደ ሰው ልጅ ስታደርግ ካዩ ትቀጥላለች። እንደ አምናው ከሆነ ዕቃዋን ጠቅልለው ይዘዋት ይሄዳሉ። ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይመስሉም። የፈራሁትም ይህንኑ ነው።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። ማይክራፎን፣ ድምፅ ማጉያ፣ ንግግር፣ ግጥም... የወላጆች ቀን ሁሉ ነገሩ ለጆሮ ነው። ለዓይን ምን አለ? ባንዲራ። በቃ። አምና ከእኔዎቹ አንዱ፣ ጓዴ የሚባለው ልጅ፣ በሥዕል ተሸልሞ ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠራ። የለም ተባለ። አግዳሚው ላይ ነበር።

ትልቅ ማያ ቢኖርስ? መዝሙሩ በምልክት ተቀርጾ፣ ቃላቱ ከሥር ተጽፈው፣ ከድምፁ ጋር እኩል የሚሄድ። ንግግሩም ይጻፍበት። የሚጠራው ስም ሁሉ ይጻፍበት።

ፕሮጀክተር አይሆንም። በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ላይ ምን ያሳያል? ከዚያ ትዝ አለኝ... ፕላዝማ! የሁለተኛ ደረጃው መጋዘን ውስጥ ተደርድሯል። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በእሱ ነው የተማርኩት፤ ተማርኩ ከተባለ። ማያው ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ሳይተነፍስ ያወርደዋል። ይጠይቀናል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ "በጣም ጥሩ" ብሎን ያልፋል። የመለሰ ሰው የለም እኮ! ሰባ ተማሪ ነበርን፤ መቶ አርባ ደህና ጆሮ፣ የሰማ ግን አንድ የለም። እኛን ያኔ ማንም እቤታችሁ ዋሉ አላለንም።

ከሰዓት ሄድኩ። የንብረት ክፍሏ ሴትዮ የሞተ ነገር ምን ያደርግልሻል አለችኝ። ሁለት በፊርማ ተረከብኩ። በባጃጅ በሁለት ዙር።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

አብዱልፈታህ ገበያው ዳር ስልክና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ሁለቱንም ፈታቸው። የአንዱ ሆድ የአይጥ ጎጆ ሆኗል። "ይኼ እንኳን ተማሪ አስተምሯል" አለ፣ አውራ ጣት የሚያካክሉ ሦስት ግልገል አይጦች በወረቀት እየጠረገ። ከዚያኛው ዕቃ እየነቀለ ለዚህኛው ተከለለት። ሲበራ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ለምን እንደፈለግኩት ነገርኩት። ጽሑፉን ትልቅ አድርጊው አለኝ። እናቱ እማማ ሀሊማ ጆሯቸው ደክሟል፣ ዓይናቸው ግን ደህና ነው። ከስብሰባ ሲመለሱ ምን ተባለ ሲባሉ "ተጨበጨበ" ነው መልሳቸው። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ስንት ሰው ነው ጭብጨባ ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባው?

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ራሴን ቀረጽኩ። መጽሐፉን እያየሁ፣ ምልክት በምልክት፣ አንዲት ሳልስት። ለልጆቹ አሳየኋቸው።

ጓዴ አዛጋ። ሁለቱ ትንንሾች ተያይተው ሳቁ። ውብነሽ አልሳቀችም፣ ተቆጣች። ይኼ መዝሙር አይደለም አለችኝ በእጇ። ገበያ ሄደሽ የምትገዢውን የምትቆጥሪ ትመስያለሽ።

ወንበር ላይ ወጣች። አገር የሚለው ጋ ስትደርስ ሁለት እጇ እንደ ማሳ ተዘረጋ። ሕዝብ ስትል ክፍሉን በሙሉ በክንዷ ሰበሰበችው። ግማሹ ምልክት መጽሐፉ ውስጥ የለም። ግን ገባኝ። ሁሉም ገባቸው። ጓዴ ተነሥቶ አብሯት ጀመረ።

አንቺ ተይው አለችኝ። ተውኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ አስተማሪዋ እኔ የሆንኩ መስሎኝ...

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ቀረጽናት። በፊት ለፊቱ ካሜራ። እቤት ገብቼ ሳየው ሁሉ ነገር ተገልብጧል፤ በግራ እጇ ነው የምትዘምረው። ለባንዲራ በግራ እጅ! ይስማው ይህን ቢያይ የዓመት ቀለብ ይሆነው ነበር። ሰኞ እንደገና።

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

ለአቶ ምስጋናው አሳየኋቸው። ወደዱት። ቴሌቪዥኑን ማለቴ ነው። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግራቸው ሊታይበት ይችል እንደሆነ ጠየቁ። ከነፎቷቸው። ይችላል አልኩ። የእኔ ልጆች ከፊት ይሁኑ አልኩ፣ ማያው አጠገብ። እሺ አሉ። ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል ይስማው ገባ። ሁለቱ ተንሾካሾኩ።

ሲጨርሱ አንድ ነገር ተጨመረ። ቪዲዮው ይታያል፤ ልጆቹ ግን በመዝሙር ሰዓት እጃቸውን አያነሡም። የወረዳ እንግዳ ፊት ነውር ነው። "ቴሌቪዥኑ ያንቀሳቅስላቸው" አሉ አቶ ምስጋናው፣ ያስታረቁ መስሏቸው።

እሺ አልኩ።

እሺ አልኩ! እኔ! ማያውን እንዳይከለክሉኝ ፈርቼ። ምን ነካኝ? በስብሰባ መያዝ የማልችለውን ምላስ ለዚህ ጊዜ ነው የዋጥኩት?

ለልጆቹ ነገርኳቸው። ውብነሽ አየችኝ፣ አየችኝ...

"እንግዲያው ቴሌቪዥኑን አስተምሪው" አለችኝ። "እኔ ወደ አባቴ ልሂድ።"

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

እንቅልፍ የለም። ሄጄ እሺታዬን መልሱልኝ ልበል? ማያውን ይወስዱታል። ዝም ልበል? ልጅቷን አባቷ ይወስዷታል።

ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። እናንተ እሺ አላላችሁም።

አነበቡት። ጓዴ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ አጠፋሁትና ሒሳብ ጀመርን።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ድንኳን ተተከለ። ዝናቡ ዳር ዳር ይላል። አብዱልፈታህ መብራት ቢጠፋ ብሎ ባትሪ ያመጣል። አቶ ተሻገር ዛሬ ገብተዋል አሉ። 

ሰኔ 8፣ እሑድ

በየተራው ልጻፈው። አለዚያ ይዘባረቅብኛል።

ሰው ከቅዳሴ መልስ መጣ። ሜዳው ሞላ። ማያው በረንዳው ላይ ነው፣ ቆርቆሮው እንዲያጠላለት። የእኔዎቹ ከፊት። ዩኒፎርም ታጥቧል፤ የጓዴ ገና እርጥብ ነው። አቶ ተሻገር ከወላጆች መሐል። ወንበር ሲሰጧቸው እንቢ ብለው ቆመው፣ ሁለት ክንዳቸውን በትራቸው ላይ አንጠልጥለው።

ድምፅ ማጉያው ጮኸ። ሁሉም ተነሣ። አቶ ተሻገር በትራቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ባንዲራው መውጣት ጀመረ፣ ማያው ላይ ውብነሽ ታየች፣ ከሥሯ ቃላቱ። ከሰው መሐል ማን ናት የሚል ማጉረምረም ተሰማ። 

የልጆቹ እጅ ጭናቸው ላይ። የመጀመሪያው ስንኝ አለፈ። ሁለተኛው ሊያልቅ ሲል ውብነሽ እጇን አነሣች። ማያው ላይ ያለችውና ይቺኛዋ እኩል። ጓዴ ተከተለ። ከዚያ አሥራ አንዱም።

ይስማው አርጩሜውን እንደያዘ ከመምህራኑ ረድፍ ወጣ። በመዝሙር መሐል! ሜዳ ሙሉ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሕፃን ያዘለችው እንኳ ልጇ ሲያለቅስ አልወዘወዘችውም። የሚራመድ እሱ ብቻ ነው። እኔ ከልጆቹ ኋላ በእሱና በእነሱ መካከል ነበርኩ። ደረሰብኝ። ዞር በይ አለኝ በጥርሱ።

በባንዲራ ፊት አይንቀሳቀስም። ሕግ ነው። ዓይኔን ባንዲራው ላይ ተክዬ ንቅንቅ አላልኩም።  

በጎኔ ሊያልፍ ሲል ከወላጆች በኩል ድምፅ መጣ። አቶ ተሻገር ናቸው።

"አንተ ሰው፣ ባንዲራ እየወጣ ነው። ቁም።"

ጮክ አላሉም፤ ሜዳው ግን ሰማ። ይስማው ቆመ። አንድ እግሩ ቀድሞ፣ አንዱ ቀርቶ፣ እንደዚያው እንዳለ እስከ መጨረሻው ስንኝ። ልጆቹ ዘምረው ጨረሱ።

የቀረው እንደ ሕልም ነው። ሽልማት ላይ የጓዴ ስም ማያው ላይ ወጣ፤ አስተዋዋቂው ሳይጠራው ደረሰ። እማማ ሀሊማ የአቶ ምስጋናውን ንግግር ከማያው ላይ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ከተናጋሪው በግማሽ መስመር ቀድመው። አቶ ምስጋናው አንድ አንቀጽ ቢዘልሉ "ይቺንስ?" አሏቸው። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ተመልሰው አነበቡት።

ሲያልቅ አቶ ተሻገርን ፈለግኩ። በሩ ላይ አገኘኋቸው፤ ውብነሽ አጠገባቸው፣ የልጅቷ ብርድ ልብስ፣ ደብተር፣ ሁሉ ነገር ተጠቅልሎ ትከሻቸው ላይ። ደነገጥኩ።

"አቶ ተሻገር፣ የተባባልነውስ?"

"አይቻለሁ" አሉ። "ወንዙ ሳይሞላ እንግባ።"

ይዘዋት ሄዱ። ውብነሽም ዞራ አላየችኝም። አይቻለሁ ማለት ምን ማለት ነው? ያዩትስ ልጃቸውን ነው ወይስ አርጩሜ የያዘውን ሰው?

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ደብዳቤ ተሰጠኝ። ተማሪዎችን ከመመሪያ ውጪ በማነሣሣት... በሦስት ቀን ውስጥ የጽሑፍ ይቅርታ። ይስማው ነው ያረቀቀው፣ ቋንቋው ያስታውቃል። ምን አደረግኩ? ከዚያ ሁሉ ሰው እንደ እኔ ያልተንቀሳቀሰ ነበር ወይ?

አቶ ምስጋናው ሲሰጡኝ ዓይኔን አላዩኝም። ሁለት መስመር ጻፊና ይለፍ አሉኝ። እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ አንድ መስመር ጻፍኩ፦ ልጆቹ ዘመሩ። ፈረምኩበት። ከዚህ የበለጠ ይቅርታ እኔ ዘንድ የለም።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ዝናብ። የአቶ ተሻገር ስልክ አይሠራም። ከአርብ ገበያ የሚመጣ ሹፌር ጠየቅኩ፣ አላውቃቸውም አለ። ዘመዷ ቤት ሄድኩ። የምትተኛበት መደብ ላይ ድንች ተዘርግቷል።

ስመለስ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ጭቃ ውስጥ ተሰልፈው በእጃቸው ይዘምራሉ። የሚሰሙ ልጆች ናቸው። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ተሳስተዋል፣ ቆሜ አረምኳቸው። ከዚያ እቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከተማው ሁሉ ቢዘምር እሷ ከሌለች ምን ያደርግልኛል?

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ምዝገባ። እስከ ስድስት ሰዓት አሥሩ ተመዘገቡ። ጓዴ ሁለት ጥርስ ነቅሏል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። መዝገቡን ዘጋሁት፣ መልሼ ከፈትኩት። እንደገና ዘጋሁት።

አሥር ሰዓት ሲል መጡ። አቶ ተሻገር ከፊት፣ ውብነሽ ቀጥላ፣ ሦስተኛ ደግሞ የማላውቃት ሴት። ሦስቱም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። ሴትዮዋ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ በሩ ላይ ቀረች።

አቶ ተሻገር የሰው ልጅ ያደረገውን ስታደርግ አይቻለሁ፣ ትቀጥል አሉ። እኔ ያን ሁሉ ወር ስብሰለሰል እሳቸው ነገሩን ያኔውኑ የጨረሱት መስሏቸዋል! ልቆጣም አሰብኩ፤ ፊቴ ግን እንቢ ብሎ ሳቀ። ውብነሽን መዘገብኳት። አቶ ተሻገር ግን አልሄዱም።

"ይቺ እኅቴ ናት" አሉ። "እሷም አትሰማም። ትገባለች ወይ?"

ስሟን ጠየቅኩ። ሰው ዲዳይቱ ነው የሚላት፤ ክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ይህን ክረምት ውብነሽ እቤት ስትዘምር እሷም አብራት ስትዘምር ነው የከረመችው። ውብነሽም ድሮ የእጅ ንግግር የያዘችው ከእሷ ኖሯል፤ ከብት ሲጠብቁ ሁለቱ በእጅ ሲያወሩ አቶ ተሻገር እንደ ልጅ ጨዋታ ነበር የሚያዩት።

"ይኸን ሁሉ ዓመት አብሬያት ስኖር" አሉ አቶ ተሻገር፣ "ዝም ያለች ይመስለኝ ነበር።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ወለተ ሥላሴ ነገሩ ገባት መሰለኝ፤ ከበሩ ገብታ እጇን ትከሻቸው ላይ አደረገች።

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት ውብነሽን።

"አልጠየቅሽኝም" አለችኝ።

አቶ ምስጋናው ጫጫታ ሰምተው መጡ። መዝገቡን አዩ። ይህ ዕድሜ መመሪያው ላይ የለም አሉ። የለም አልኩ። ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው አሉ። አንደኛ ክፍል ብዬ ጻፍኩ። ማኅተም አላደርግበትም አሉ። ግን መዝገቡን አልወሰዱትም። ወጥተው ሲሄዱ ለወለተ ሥላሴ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሷት። ማኅተሙን ነገ እጠይቃለሁ። ነገ ካልሆነ ከነገ ወዲያ።

ስሟን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። ውብነሽ በጣቷ ፊደል በፊደል አሳየቻት። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ቀረች፣ አቶ ተሻገር ሚኒባስ አመለጠን ብለው ክንዷን እስኪይዟት።

አሥራ ሁለት ሆነናል። መስከረም ሲከፈት ወለተ ሥላሴ ሰልፉ ላይ ከፊት ትቆማለች። ሠላሳ አራት ዓመት ከኋላ ቆማለች፤ ይበቃታል።